ወንበሩ ይሰጠው፣ ካርዱ ይቆየው

«ይድረስ ለጋሼ፣

የምንኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቁ ባለፈው ወር 9 ዓመት ሞላው። የክፍል ጓደኛው አባት አዳኝ ነው። ደግ ሰው ነው፤ እኛ ሥራ ሲይዘን ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት የሚያመጣልን እሱ ነው። አሁን ልጁን የአዳኞች ትምህርት ሊያስመዘግብ ነው። ‹የእናንተንም ልጅ አብሬ ልውሰደው› አለን። ኮርሱ የአንድ ቀን ነው። በመጨረሻ ፈተና አለ፤ ያለፈ ካርድ ይሰጠዋል። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ሁለቱንም ይዟቸው አጋዘን አደን ሊሄድ ያስባል።

ባለቤቴ ደስ ብሎታል። አገር ቤት ገጠር ሳሉ አባቱ ጠመንጃ ነበራቸው። ‹እኔ በሱ ዕድሜ ከብት ስጠብቅ ጅብ አባርር ነበር› ይለኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ልጁ እኮ የጫማውን ክር እንኳ በወጉ አያስርም። ሚኒሶታ ያለችውን እህቴን ብጠይቃት እዚያ 11 ዓመት ሳይሞላው ኮርሱን መውሰድ አይችልም አለችኝ። ታዲያ የቴክሳስ ልጅ ከሚኒሶታ ልጅ በሁለት ዓመት ይበስላል? ለምን አንድ ዕድሜ አይቆርጡም? 12 ወይም 14 ቢሉ ምን ይጎድልባቸዋል? ለኔ ይሄ ሁሉ የጠመንጃ ነጋዴ ደንበኛ ለማፍራት የሚደረግ ይመስለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ‹ጠመንጃ በሞላበት አገር የሚጎዳው ያልተማረ ልጅ ነው› ይላል። ማን ነው ልክ?

ልጁ ራሱ ‹ሁሉም ሲሄድ እኔ ብቻ› ብሎ አኩርፏል።

እንቅልፍ ያጣችው እናት»

እህቴ፣

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ብዬ ልገላገልሽ እችል ነበር። ግን እንዲህ ያለ መልስ ማታ አያስተኛሽም። ስለዚህ ቁርጡን ልንገርሽ። ልጅሽ ኮርሱ ላይ ቢቀመጥ አልቃወምም። እንዲያውም ቢቀመጥ ደስ ይለኛል። ካርዱን ይዞ ሜዳ እንዲወጣ ግን አልፈልግም። እነዚህ ሁለቱ አንድ ስለሚመስሉሽ ነው የተጨነቅሽው፤ ባለቤትሽም አንድ ስለሚመስሉት ነው ደስ ያለው።

መጀመሪያ ሕጉን እንየው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቴክሳስ ውስጥ ለአደን ዝቅተኛ ዕድሜ የለም። በትክክል አንብበሻል፣ የለም። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ ማደን ይችላል፤ ግን ፈቃድ ያለው፣ ቢያንስ 17 ዓመት የሞላው አዳኝ አብሮት መሆን አለበት። «አብሮት» ሲሉ ደግሞ እዚያው ወረዳ ውስጥ ማለት አይደለም። በተለመደ የንግግር ድምፅ ሊቆጣጠረው የሚችልበት ርቀት ላይ ማለት ነው። ከ9 እስከ 16 ያለ ልጅ ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ኮርሱን ጨርሶ ካርድ ይይዛል፣ ወይ ደግሞ እንደ ትንንሾቹ አዋቂ አብሮት ይሆናል።

ያቺን «ወይ» ልብ በያት። ካርዱን ያልያዘ የ9 ዓመት ልጅ አጠገብ ሕጉ አዋቂ ያስቀምጣል። ካርዱን የያዘ የ9 ዓመት ልጅ አጠገብ ግን አዋቂ እንዲኖር የአደኑ ሕግ አያስገድድም። ስለዚህ ያ ካርድ ለልጅሽ ምን ይሰጠዋል? እውቀቱን ኮርሱ ሰጥቶታል። ካርዱ የሚሰጠው ከአጠገቡ ያለውን ትልቅ ሰው የሚያሰናብት ወረቀት ነው። የ20 ዓመት ጎረምሳ ከሆነ ጥሩ ስጦታ ነው። ለ9 ዓመት ልጅ ግን የማያስፈልገው ነገር ነው።

ያንቺ ጥያቄ «ለኮርሱ ዕድሜ ይቆረጥ» የሚል ነበር። አየሽ፣ ለኮርሱ 14 ብለው ቢቆርጡ የ9 ዓመቱ ልጅ ከአደን አይቀርም። ከአባቱ ጋር ይወጣል፤ ልዩነቱ ሳይማር መውጣቱ ነው። አባቱ እንደተማረው ይማራል፤ የአባቱን ስህተት ጭምር። ዕድሜ መቆረጥ ያለበት ወንበሩ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የእህትሽ ስቴት ይሄን በግማሽ ገብቶታል። ሚኒሶታ ልጁን 11 ሲሞላው ኮርሱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ምስክር ወረቀቱ ግን የሚሠራው 12 ሲሞላው ነው። አንድ ዓመት ኪስ ውስጥ ይቀመጣል ማለት ነው። እዚያም ቢሆን ከዚያ በታች ያለ ልጅ ከወላጁ ጋር መውጣት ይችላል፤ እህትሽ እሱን አልነገረችሽም። ፔንሲልቫኒያና ኒው ዮርክ ለኮርሱ 11 ይላሉ። ኮሎራዶ ለኮርሱ ዕድሜ አይቆርጥም፤ ግን እንደ አጋዘን ያለ ትልቅ እንስሳ ለማደን 12 ይጠይቃል። ይሄኛው ለኔ ከሁሉም ይሻላል። መማር ክፍት፣ መተኮስ ዝግ።

ቁጥር ጭራሽ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ዊስኮንሲን አሳይቷል። እዚያ አንድ ልጅ ከአዋቂ ጋር ለማደን 10 መሙላት ነበረበት። በፈረንጆቹ 2017 ያንን አነሱት። ወዲያው ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ሳይቀር ፈቃድ መሸጡ ተዘገበ። ጡጦ የያዘ ልጅ አጋዘን ላይ አነጣጠረ ማለት አይደለም፤ ወላጆች የልጃቸውን ስም ፈቃዱ ላይ ማየቱን ወደውት ይሆናል። ግን ነገሩ ያስቃልም፣ ያሳዝናልም።

አንድ ወጥ የሆነ ዕድሜ ለምን የለም ላልሽው መልሱ አጭር ነው። አደን በአሜሪካ በዋናነት የየስቴቱ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ኬንታኪ በ1946 ጀመረ፤ ግዴታ ያደረገችው መጀመሪያ ኒው ዮርክ ናት፣ በ1949። ቴክሳስ ግዴታ ያደረገው በ1988 ነው። ለዚህ ነው ፎርሙ ላይ «ከሴፕቴምበር 2፣ 1971 ወዲህ የተወለደ ኮርሱን ይውሰድ» የሚል ነገር የምታዪው። እነዚያ ሕጉ ሲጀምር ገና 17 የሚሞላቸው ልጆች ነበሩ። ዛሬ ጺማቸው ሸብቷል፤ ቀኑ ግን እዚያው ቆሟል።

ስለ ነጋዴው ያልሽውም ሙሉ በሙሉ ከእውነት የራቀ አይደለም። በ1937 የወጣ የፌደራል ሕግ አለ። ከረጅም ጠመንጃና ከጥይት ላይ 11 በመቶ ግብር ይሰበስባል፤ ገንዘቡ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። ከ1970 ወዲህ ደግሞ ለአዳኞች ትምህርትም እንዲውል ተፈቅዷል። ኮርሱ ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው። አስተማሪዎቹም አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አዎ፣ ስቴቶቹ አዲስ አዳኝ ይፈልጋሉ፤ የፈቃድ ገቢ አለበት። ግን ክፍሉ ውስጥ ጠመንጃ የሚሸጥልሽ ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ የሚነገርሽ ሰው እንዴት እንዳትገድዪ ነው።

እንዴት አወቅህ ካልሽኝ፣ ተቀምጬበታለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር፤ እሱ 13 ነበር። «አንተ ውጭ ጠብቅ» አለኝ። እምቢ ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሰው ቢሆን ነው፤ ግማሹ ልጅ። አስተማሪው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ቀስ ያለ።

አንድ ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ሁለት የማይተኩሱ የሾትገን ጥይቶች ያዙ፤ አንዷ ቢጫ፣ አንዷ ቀይ። ጌጅ የውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ጥይቱ ይቀጥናል። ቢጫዋ 20 ጌጅ ናት፣ ቀጠን ያለች። ቀይዋ 12 ጌጅ ናት፣ ወፈር ያለች። ከዚያ ባለ 12 ጌጁን ጠመንጃ ከፍተው ቢጫዋን ከኋላ ጣሏት። ሸርተት ብላ ገባችና ጠፋች። ወደ ፊትም አልወጣች፣ ወደ ኋላም አልተመለሰች፤ በርሜሉ ውስጥ ተሰነቀረች። ጠመንጃውን ከፍተሽ ብታዪው ባዶ ይመስላል። «አሁን ባዶ መስሎህ ቀይዋን ብትጨምርና ብትተኩስ ምን ይሆናል?» አሉ። ማንም አልመለሰም። «በርሜሉ እጅህ ላይ ይፈነዳል» አሉ። 20 ጌጅ በቢጫ ቀለም የሚሠራው ለዚሁ ነው። ሁለቱን አንድ ኪስ ውስጥ አትቀላቅል ማለታቸው ነው።

እኔ ጎልማሳው ሰውዬ አላውቅም ነበር። ባለቤትሽም እንደማያውቅ እወራረዳለሁ።

ከሰዓት በኋላ ውጭ ወጣን። ሁለት እንጨት ተክለው በመሃሉ ገመድ ወጥረዋል፤ አጥር ነው በሉ አሉን። ብርቱካንማ የተቀባ የማይተኩስ ጠመንጃ ተሰጠን። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ጥይቱን ታወጫለሽ። ጠመንጃውን ከፍተሽ ከአጥሩ ሥር ታሳልፊዋለሽ። አፈሙዙ ካንቺም ከሰውም ዞር ማለት አለበት። ከዚያ ፈንጠር ብለሽ ትሻገሪያለሽ።

ከልጆቹ መካከል አንድ ትንሽ ልጅ ነበር፤ 9 ቢሆነው ነው። ጠዋት ክፍል ውስጥ ማንም አልቻለውም። አስተማሪው ጥያቄውን ሳይጨርሱ እጁ አየር ላይ ነው። «ምላጩ ላይ ጣት የሚገባው መቼ ነው?» «ልትተኩስ ስትል ብቻ!» አራቱን የጠመንጃ ጥንቃቄ ሕግ እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርደዋል። ታዲያ ተራው ደርሶ ጠመንጃውን ይዞ አጥሩ ጋ ሲጠጋ እናቱ ስልኳን አወጣች። «ማሙሽ፣ ወደዚህ!» የሚል ነገር ነው ያለችው፣ በቋንቋቸው። ልጁ በፈገግታ ዞረ። ከነጠመንጃው ነው የዞረው። አፈሙዙ ተሰልፈን የቆምነውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠራርጎ እናቱ ደረት ላይ ቆመ። ጣቱ የት እንደነበር ልንገርሽ? ምላጩ ላይ።

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው ቀስ ብለው መጡ፤ አፈሙዙን በሁለት ጣታቸው ወደ መሬት መለሱት፤ «እንደገና» አሉ። አልጮሁበትም። በሁለተኛው በደንብ ተሻገረ። ማታ ላይ ፈተናውን አለፈ፤ ውጤቱ ከእህቴ ልጅ ይበልጣል።

ያ ልጅ ሰነፍ አልነበረም። ደንቡን ከኔ በላይ ያውቀዋል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ እናቱ ስትጠራው እጁ ላይ ያለውን አለመርሳት። ይሄ ደግሞ በጥያቄ ወረቀት አይለካም። ሃምሳ ጥያቄ ብትሰጪው ሃምሳውን ይመልስልሻል። ሲደሰት፣ ሲደነግጥ፣ ሲበርደው ምን እንደሚያደርግ ግን ወረቀቱ አይነግርሽም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚሉት ልጁ ማቡካት ስለማያውቅ አይመስለኝም። መሃል ላይ ጓደኛው ከደጅ ሲጠራው ጥሎት ስለሚሮጥ ነው።

ቶሎ ለማየት የመጓጓት ነገርም አለ። በኦገስት 2008 ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ፣ ሳውክ በሚባል ተራራ ላይ፣ የ14 ዓመት ልጅ ከ16 ዓመት ወንድሙ ጋር ድብ አደን ወጣ። አዋቂ አብሯቸው አልነበረም። ቀኑ ጭጋጋማ ነበር። መንገዱ ላይ ጎንበስ ያለ ጥቁር ነገር አየ፤ ድብ መሰለው፤ ተኮሰ። ሴት ነበረች፤ ተራራ ለመውጣት የመጣች መንገደኛ። ሞተች። ልጁም በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ። «ምን እንደምትመታ እርግጠኛ ሁን» የሚለው ከደንቦቹ ሁሉ የታወቀው ነው። ደንቡ ግን ጭጋግ ውስጥ ከጎንሽ ቁጭ ብሎ «ቆይ፣ እስቲ ደግመህ እየው» አይልሽም። እንደዚያ የሚልሽ ሰው ነው። አስቢው፣ ያ ልጅ 14 ዓመቱ ነበር። አንቺ ባልሽው ዕድሜ እንኳ ብቻውን በቂ አልሆነም። ስለዚህ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ብቻውን መድኃኒት ነው ብዬ አልዋሽሽም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ሰላም በዪልኝ። ጅቡን ያባረረው በጠመንጃ ሳይሆን በዱላና በጩኸት መሆኑን አስታውሺው። የአባቱ ጠመንጃ ቤት ውስጥ የተሰቀለ ነገር ነበር፤ እሱ ሊነካው ይቅርና ቀረብ ብሎ ሲያየው እንኳ ተቆጥተውት ይሆናል። ያ አስተዳደግ ጥሩ ነበር። እዚህ አምጥቶ «እኔ ያደግሁት እንዲህ ነው» ሊልበት ግን አይችልም፤ ያደገው በተቃራኒው ነዋ።

ግን የተናገረው አንድ ነገር ልክ ነው። ልጅሽ ጠመንጃ ካለበት ቤት ይገባል፣ ይወጣል። የጓደኛው ቤት ነው። ይሄ ከኖቬምበር አደን ይልቅ ሊያሳስብሽ ይገባል፤ አደኑ የአንድ ቀን ነው፣ ያ ቤት ግን የዘወትር ነው። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትዪ ሰውዬውን ጠይቂው። ነውር አይደለም። በሥርዓት የተማረ አዳኝ ይሄን ጥያቄ አይጠላም፤ እንዲያውም ይወድሻል። «ልጆቹ እናንተ ጋ ሲጫወቱ ጠመንጃዎቹ የት ነው የሚቀመጡት? ካዝናው ይቆለፋል? ጥይቱስ ለብቻው ነው? ቁልፉን ልጅህ ያውቀዋል?» በዪው። የመጨረሻዋን አትዝለያት። ብዙ አባት «ይቆለፋል» ይላል፤ ልጁ ደግሞ ቁልፉ የት እንዳለ ጓደኛውን ይዞ ያሳየዋል። የቴክሳስ ሕግም ከጎንሽ ነው። ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ የተጎረሰ ጠመንጃ እንዲያገኝ በቸልታ የተወ ሰው በወንጀል ይጠየቃል። ልጁ ተኩሶ ሰው ከሞተ ወይም ክፉኛ ከቆሰለ ቅጣቱ ይከብዳል።

መልሱ ካላማረሽ አደኑንም፣ ቤታቸው መጫወቱንም እርሺው። ልጁ እናንተ ቤት መጥቶ ይጫወት።

መልሱ ካማረሽ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ኮርሱን የሚወስደው ልጅሽ ብቻ አይሁን። ባለቤትሽም ይመዝገብ፤ አንቺም ብትችዪ። ምክንያቱን ልንገርሽ። አንድ አዋቂ ልጅን ይዞ ለማደን ራሱ ፈቃድ ሊኖረውና ኮርሱን ጨርሶ ሊሆን ይገባል፤ ከዚያ ከ1971ዱ ቀን በፊት ተወልዶ በዕድሜው ነፃ ካልሆነ በቀር። ባለቤትሽ ዛሬ ባለበት ሁኔታ በሕግ ዓይን የገዛ ልጁ ጠባቂ መሆን አይችልም። የጓደኛው አባት ይችላል። ታዲያ ሁለት ልጅ፣ ሁለት ጠመንጃ፣ አንድ ሰው። እኔ ይሄን ስሌት አልወደውም። ለአንድ ልጅ አንድ አዋቂ መሆን አለበት፤ አዋቂውም ያን ቀን ራሱ ጠመንጃ መያዝ የለበትም። እጁ ነፃ ይሁን፤ ሥራው የልጁን አፈሙዝ ማየት ነው።

እግረ መንገዴን፣ ባለቤትሽ ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ከሌለው ጠመንጃ ከመንካቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቅ። እዚያ ላይ የፌደራሉ ሕግ ጥብቅ ነው፤ ሳያውቁ ገብተው የሚቸገሩበት ነገር ነው።

በኢንተርኔት ብቻ ተምሮ ማለፍ ለትልልቆች ተፈቅዷል፤ ቴክሳስ ውስጥ 17 የሞላው ይችላል። እናንተ ግን በአካል የሚሰጠውን ምረጡ፣ ለባለቤትሽም ቢሆን። ስክሪን ላይ አጥር አትሻገሪም። ቢጫዋ ጥይት ስትጠፋም አታዪም።

ልጅሽ ፈተናውን ቢያልፍስ? ያልፍ ይሆናል፤ ጎበዝ ይመስለኛል። እልል በዪለት፣ አቅፈሽ ሳሚው። ካርዱን ግን አንቺ ያዥው። ካርዱ የአገልግሎት ጊዜ የለውም፤ ዕድሜ ልክ ይሠራል፤ ሌሎች ስቴቶችም ይቀበሉታል። አንድ ጊዜ በ9 ዓመቱ ከያዘው በ19 ዓመቱ፣ በ39 ዓመቱ ማንም መልሶ አይፈትነውም። ለዚህ ነው ሥራዬ ብዬ የምቃወመው። ሹፌር ዓይኑን እየተመረመረ መንጃ ፈቃዱን ያሳድሳል፤ ይሄኛው ግን በልጅነት የሸመደዱትን ይዞ መኖር ነው። ስለዚህ የቤታችሁን ሕግ እናንተ አውጡ። 12 ወይም 13 ሲሞላው እንደገና ይቀመጥና ይውሰደው። የከለከለው የለም። እስከዚያ ድረስ ካርድ እንደሌለው ልጅ ቁጠሩት፤ አዋቂ አጠገቡ፣ በድምፅ ርቀት እንኳ ሳይሆን በክንድ ርቀት።

«ካርዱማ አለኝ እኮ» ይልሻል። ይበል።

ኖቬምበር ላይስ? ከባለቤትሽ ጋር ይሂድ፤ ጠመንጃ ሳይዝ። ሌሎች አዳኞች እንዲያዩት የሚለበሰውን ብርቱካንማ ሰደርያ አድርጎ፣ ሌሊት ተነስቶ፣ ብላይንድ በሚሉት ጎጆ ውስጥ ሦስት ሰዓት ዝም ብሎ ይቀመጥ። እንደ ሳቅ እንዳታዪው፤ ለ9 ዓመት ልጅ ከባዱ ይሄ ነው። በቅዝቃዜ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ያለ ስልክ። ግማሹ ልጅ ሁለተኛ አይጠይቅሽም። ከተሳካላቸው ደግሞ አጋዘኗ ስትወድቅ ያያል፤ ሲገፈፍ ያያል፤ ደሙን ያያል። ቀኑን ሙሉ ዝም ካለ አትጎትጉቺው። ማታ ራሱ ይነግርሻል። እንስሳ መግደል ምን እንደሆነ ሳያይ ጠመንጃ የጨበጠ ልጅ የሚያውቀው ጨዋታውን ብቻ ነው።

የጠመንጃው ነገር ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። የአዋቂ ሾትገን 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሰደፉም ለልጅ ክንድ ይረዝማል። ልጅ ሲይዘው ወደ ኋላ ለጠጥ ይላል፤ አፈሙዙ ይዋልላል። ለልጅ ተብሎ የተሠራ አጭር ሰደፍ ያለው አለ። የጓደኛው አባት «የኔን ይይዛል» ካለ አይሆንም በዪው። ደግሞ «ይቺ ቀጭን ጥይት የምትተኩሰው ትንሿ .22 ጠመንጃ ናት፣ መጫወቻ በያት» የሚልሽ አይጠፋም። የዚያች «መጫወቻ» ጥይት ከአንድ ማይል በላይ ትሄዳለች።

ሥጋው ይበላል አይበላም የሚለውን አልጠየቅሽኝም፤ ግን ሰውዬው አንድ ቀን በከረጢት ይዞልሽ መምጣቱ አይቀርም። እሱን ለንስሐ አባትሽ ትቼዋለሁ። እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም።

ስላኮረፈው ልጅ ደግሞ፣ «አይሆንም» ብለሽ አትዝጊበት። «ትሄዳለህ፣ ግን አባትህም አብሮህ ይማራል» በዪው። መጀመሪያ ያፍራል። አባቱ ከሱ ያነሰ ውጤት ሲያመጣ ደግሞ ኩርፊያው ይጠፋል። ቤት ውስጥ ሳምንት ያህል በመጥረጊያ እንጨት አለማምዱት። እንጨቱን እንደ ጠመንጃ ይዞ ሳሎን ውስጥ ይዙር፤ ጫፉ ሰው ላይ ካረፈ ጨዋታው ያበቃል። ትንሹን ወንድሙን ወይም እህቱን በድንገት አስጠሪበት። ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት ቁጠሪ፤ እሱ ራሱም ይቁጠር።

ለኮርሱ ቀን ምሳ ቋጥረሽ፣ ሁለት እርሳስ ይዘሽለት፣ ከፊት ወንበር አስቀምጪው። ፎቶ ማንሳት ካማረሽ ጠመንጃውን ካስቀመጠ በኋላ አንሺው። አጥሩ ጋ ሲደርስ ስሙን አትጥሪ። ዝም ብለሽ ከኋላ ቁሚና ፊቱን ተዪው፤ አፈሙዙን እዪ።